«እኛ» እያለች ራሷ የጠፋችው ተመዛኝ

በዚህ እትም ሦስት ደብዳቤ መርጫለሁ። የመጀመሪያው ረጅም ነው፣ መልሱም ረዝሞብኛል፣ ታገሱኝ። ሁለቱ አጫጭር ናቸው።

ጥያቄ

ሰላም ለእርስዎ። 24 ዓመቴ ነው፣ የምኖረው እንግሊዝ አገር ነው። አንድ የፋይናንስ አማካሪዎች ቢሮ ውስጥ የፓራፕላነር (ከአማካሪው ጀርባ ሆኖ ጥናቱንና ሪፖርቱን የሚያዘጋጅ ሰው) አፕረንቲስ ሆኜ እየሠራሁ እየተማርኩ ሁለት ዓመት ሊሞላኝ ነው። አሁን ለወንድሜ ሠርግ መጥቼ አራት ኪሎ እናቴ ቤት ነኝ። የዲፕሎማ ፈተናዎቹን ጨርሻለሁ። አሠሪዬና አሠልጣኜም «ለመጨረሻው ምዘና ደርሳለች» ብለው ፈርመውልኛል። የተላከልኝ ደብዳቤ ሁለት ነገር እንደሚጠብቀኝ ይናገራል። አንዱ የደንበኛ ታሪክ ተሰጥቶኝ በተወሰነ ሰዓት የምሠራው የጽሑፍ ሥራ ነው። ሌላው ባሰባሰብኩት የሥራ ማስረጃ ላይ ከመዛኝ ጋር የማደርገው ውይይት ነው። ጽሑፉ ብዙም አያስፈራኝም። ውይይቱ ግን ጭንቅ ጥብብ አድርጎኛል። ባለፈው ሳምንት ከአሠልጣኜ ጋር በቪዲዮ ልምምድ አድርገን ነበር። ሥራውን የሠራሁት እኔ ሆኜ ሳለ ስጠየቅ የሌላ ሰው ሥራ የማወራ መሰልኩ። «ብዙ ታወሪያለሽ፣ አንቺ ግን የለሽበትም» አለችኝ። ቤቱ ደግሞ በእንግዳ ተሞልቷል፣ አክስቴም በየቀኑ «ቆይ ሥራሽ ምንድን ነው? ጸሐፊ ነሽ?» ትለኛለች። ምዘናው በተመለስኩ በሁለተኛው ሳምንት ነው። ምን ላድርግ?

የሙሽራው እህት፣ ከአራት ኪሎ

መልስ

መጀመሪያ እንኳን ደስ አላችሁ። በጥር ወር፣ ግቢ ውስጥ ድንኳን ተተክሎ፣ ሽንኩርት የሚከትፉ ሴቶች መሀል ስለ ጡረታና ግብር የምታስብ ልጅ ወድቃ አትወድቅም።

አሠልጣኝሽ በሽታውን በአንድ ዐረፍተ ነገር ነግራሻለች። በሽታውን አውቀዋለሁ፣ ታምሜበታለሁ። እኔም እንግሊዝ አገር እንዲህ ባለ ቢሮ ለዓመታት ሠርቻለሁ። ለመጀመሪያው ቋሚ ቦታ ቃለ መጠይቅ ስገባ ግማሽ ሰዓት ሙሉ «እኛ ይህን አጠናን፣ ቡድኑ ያንን አነጻጸረ፣ ከዚያ ተወያይተን ወሰንን» ስል ቆየሁ። ሰውዬው ጨዋ ነው፣ እስክጨርስ ጠበቀኝ። ከዚያ «ይቅርታ፣ ያን ቀን አንቺ ሥራ ገብተሽ ነበር?» አለኝ። ቦታውን አላገኘሁም።

ከየት እንደመጣ ታውቂዋለሽ። እኛ ቤት «እኔ ሠራሁት» ማለት ጉራ ነው። ዶሮውን ብቻዋን ከሌሊት ጀምራ ስትሠራ ያደረች ሴት እንኳ እንግዳው ሲያመሰግናት «ኧረ እንዲያው ሞካክረን ነው» ትላለች። ለአክስትሽ ቤት ያምራል። መዛኙ ግን የሚመዝነው ቢሮሽን ሳይሆን አንቺን ነው፣ «እኛ» ባልሽ ቁጥር ነጥቡን ለማን እንደሚሰጥ አያውቅም። ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል ይባል የለ? ፓራፕላነርነትማ እንዴት አይቀር።

ግን «እኛ»ን በ«እኔ» መተካት ብቻውን አያድንሽም። ለማሳየት አንድ ደንበኛ ልፍጠር። ዕድሜዋ 58፣ ባሏ የሞተባት፣ ባንክ ያስቀመጠችው 90,000 ፓውንድ አለ። ልጇ ቤት ልትገዛ ስለሆነ ለቅድሚያ ክፍያ ልትረዳት ትፈልጋለች። የቀረውን ደግሞ ባንክ ከሚሰጠው ወለድ በተሻለ ማሳደግ ትሻለች። መዛኙ «ስለዚህ ሥራ ንገሪኝ» ሲል ብዙዎቻችን እንዲህ እንላለን (አይሳ እንግሊዝ አገር ያለ የቁጠባና የኢንቨስትመንት ሂሳብ ነው)፦

«ለደንበኛዋ የአክሲዮን አይሳ እንዲመከርላት አደረግሁ፣ ምክንያቱም ትርፉ ከግብር ነፃ ነው። በዓመት እስከ 20,000 ፓውንድ ማስገባት ይቻላል።»

«አደረግሁ» ብለሻል፣ ስህተትም የለበትም። ግን ይሄ ከየትኛውም ባንክ ብሮሹር ላይ ይገኛል። አሁን ይቺን ስሚ፦

«የደንበኛዋን መረጃ ሳነብ የስጋት መጠይቁ ላይ መካከለኛ ወጥታለች። አማካሪው የጻፈው ማስታወሻ ላይ ግን የቤቷ ጣሪያ በቅርቡ መታደስ እንዳለበት አየሁ። ሁለቱ አልገጠሙልኝም። ስጋት አለመፍራት አንድ ነገር ነው፣ ኪሳራ መሸከም መቻል ሌላ ነው። አማካሪውን ጠየቅሁት፣ ደወለላት፣ ለጣሪያው 15,000 ፓውንድ ያስፈልጋል አለች። ስለዚህ ለልጇ 30,000፣ ለጣሪያው 15,000፣ ለክፉ ቀን 12,000 ለይቼ ጥናቱን የሠራሁት በቀረው 33,000 ላይ ብቻ ነው። እሱም በአንድ ዓመት አይሳ ውስጥ ስለማይገባ፣ የግብር ዓመቱ አፕሪል 5 ላይ ስለሚያልቅ ከዚያ በፊትና ከዚያ በኋላ ብዬ ለሁለት ከፈልኩት። ለልጇ የምትሰጠው ገንዘብ ደግሞ ሰባት ዓመት ሳይሞላው ብትሞት ለውርስ ግብር ሊቆጠር እንደሚችል ሪፖርቱ ላይ በቀላል ቋንቋ ጻፍኩ።»

እዚህ ውስጥ አንድም ጉራ የለም። ነጥቧ ያለችው «አልገጠሙልኝም» የምትለው ቃል ላይ ነው። መጽሐፉን ሁሉም አንብቦታል፣ አይሳ ምን እንደሆነ መዛኙም ያውቃል። እሱ የሚፈልገው አንቺ የቆምሽበትን፣ የተጠራጠርሽበትን፣ ተነስተሽ የጠየቅሽበትን ቦታ ነው። እንዲህ ያለ ቦታ የሌለው ሥራ ካለሽ፣ እውነቱን ልንገርሽ፣ ማስረጃ ውስጥ ባይገባ ይሻላል። ሃያ ለስላሳ ሪፖርት ከምትቆልዪ አራት የቆረቆረሽ ሥራ ይሻላል።

ስለዚህ ከሠርጉ በፊት ባሉት ቀናት ይህን አድርጊ። እያንዳንዱን ሥራ ከማስረጃሽ አውጪና ግማሽ ገጽ በእጅሽ ጻፊ። በእጅሽ ያልኩት ሆን ብዬ ነው፣ ኮምፒውተር ላይ ስንጽፍ የሪፖርት ቋንቋ ይመጣብናል። ምን አልገጠመልኝም? ማንን ጠየቅሁ? በዚያ ምክንያት ምን ተለወጠ? ዛሬ ቢሆን ምን ለውጬ እሠራው ነበር? የመጨረሻዋን እንዳትዘያት። አንድ ዓመት ከግማሽ በፊት የሠራሽው ነገር ላይ ሕጉ ተለውጦ ይሆናል። ለምሳሌ ያልተነካ የጡረታ ገንዘብ እስከ አሁን በአብዛኛው ከውርስ ግብር ውጭ ነበር፣ ከአፕሪል 2027 ጀምሮ ግን እንዲገባ ተወስኗል። ማስረጃሽ ውስጥ «ጡረታውን አትንኩት፣ ለልጆች ይለፍ» የሚል ሪፖርት ካለ መዛኙ እዚያ ላይ ጣቱን ያስቀምጣል። ቀድመሽ «ያኔ ልክ ነበር፣ አሁን ግን እንዲህ እጽፈው ነበር» ብትዪ ጥያቄውን ከአፉ ወሰድሽበት ማለት ነው። የተሳሳትሽበት ሥራ ካለም አትደብቂው። ማን እንዳገኘው፣ እንዴት እንዳረምሽውና ከዚያ በኋላ ምን ልማድ እንዳበጀሽ ንገሪው።

አሁን ወደ አክስትሽ። ከእሷ አትሽሺ! በነፃ የተገኘች መዛኝ ናት። «ፓራፕላነር ማለት ለፋይናንስ አማካሪው ቴክኒካል ድጋፍ የሚሰጥ...» ብለሽ ከጀመርሽ በሁለተኛው ቃል ወደ ቡናዋ ትመለሳለች። በሠርጉ ንገሪያት። ሽማግሌ ሲላክ የሚናገረው አንድ ሰው ነው። ከዚያ በፊት ግን የልጅቷ ቤተሰብ ማን እንደሆነ የጠየቀ፣ ዘመድ እንዳይሆኑ እስከ ሰባት ቤት የቆጠረ፣ ማን ምን ቅሬታ እንዳለው አጣርቶ ለተናጋሪው ያቀበለ ሰው አለ። አማካሪው ተናጋሪው ነው። አንቺ የምታጣሪዋ ነሽ። የምታጣሪው ግን ገንዘብ ነው፣ ያጣራሽውንም ምክሩ ለዚህ ሰው ለምን እንደሚስማማ በሚያስረዳ ሪፖርት ላይ ታሰፍሪዋለሽ።

አክስትሽ ይህ ከገባት ቀጥሎ የምትጠይቅሽን ልንገርሽ፦ «ታዲያ ተናጋሪው ያጣራሽውን ባይሰማሽስ?» ይህቺን ጥያቄ መዛኙም በሌላ ቋንቋ ያመጣታል። አማካሪው አንድ ምርት ቢወድና ያንቺ ጥናት ሌላ ቢያሳይ ምን ታደርጊያለሽ? እንግሊዝ አገር ከጁላይ 31፣ 2023 ጀምሮ ድርጅቶች ለደንበኛው ጥሩ ውጤት እንዲያመጡ የሚያስገድድ «ኮንሲውመር ዱቲ» የሚባል ደንብ አለ፣ ታውቂዋለሽ። ስሙን መጥራት ቀላል ነው። «አንድ ጊዜ ክፍያው በዛብኝና ለአማካሪው በኢሜይል እንዲህ ብዬ ጻፍኩለት» ማለት ግን ሌላ ነው። ለአክስትሽ በአማርኛ መልሺላት። በአማርኛ ካልመለስሽው በእንግሊዝኛ የምትመልሺው ሸምድደሽ ነው።

ስለ ጽሑፉ ብዙ አልልም፣ አልፈራሁም ብለሻልና። ዲፕሎማውን አር06 በሚባለው የጽሑፍ ፈተና በኩል ጨርሰሽ ከሆነ ሁለት የደንበኛ ታሪክ ሁለት ሳምንት ቀድሞ ይደርስሽና ሦስት ሰዓት ትጽፊ ነበር። በዚያ ልማድ ግን እንዳትታለዪ። የአሁኑ ታሪክ ቀድሞ ይሰጥ ወይስ እዚያው ይከፈት ደብዳቤሽ ላይ አረጋግጪ። እዚያው የሚከፈት ከሆነ መጀመሪያ የጎደለውን መረጃ ጻፊ። ኑዛዜ አላት? ዕዳ አለባት? መቼ ጡረታ ልትወጣ ነው? ታሪኩ ሆን ተብሎ ነው የተቀዳደደው። ደግሞ «አስረጂ» የተባለውና «ምከሪ» የተባለው አንድ አይደለም። እኔ በዚህ ነጥብ ጥያለሁ።

ሌላው፣ ጓደኛዬ እንዲህ ነበር የተፈተነችው የሚል ወሬ አትስሚ። እዚያ አገር የአፕረንቲስ ምዘና አሠራር እየተለወጠ ነው፣ ኃላፊነቱን ይዞ የነበረው ተቋምም ከጁን 2025 ጀምሮ ሥራውን ስኪልስ ኢንግላንድ ለሚባል የመንግሥት አካል አስረክቧል። አንቺ የምትመዘኚው በተመዘገብሽበት ዕቅድ ነው፣ እሱን አስልከሽ አንብቢ።

አንድ ነገር ደግሞ ልቆጣሽ። የቢሮ ላፕቶፕሽን ይዘሽ መጥተሽ ከሆነ ፈቃድ መውሰድሽን አረጋግጪ። የደንበኛ ፋይል ካፌ ዋይፋይ ላይ አይከፈትም። የአጎትሽ ልጅ ትከሻሽ ላይ ተንጠልጥሎ የአንድ እንግሊዛዊ ሽማግሌ ጡረታ ስንት እንደሆነ ማንበብ የለበትም። ለልምምድ ስሙ የተሰረዘበት ቅጂ ይበቃሻል፣ ማስረጃው ውስጥ የሚገባውም እሱ ነው።

ቤቱ ካልተቻለ አብርሆት ቤተ መጻሕፍት እዚያው አፍንጫሽ ሥር ነው፣ በጠዋት ግቢ። ሁለተኛ ልምምድ ከአሠልጣኝሽ ጋር ካለሽ ግን እዚያ ድምፅ አውጥተሽ ማውራት ስለማትችዪ ጎረቤት አንድ ክፍል ለምኚ። ሰዓቱን ደግሞ በደንብ ተናገሪ። አንድ የማውቀው ልጅ ለቤተሰቡ «አስር ሰዓት ላይ ኢንተርቪው አለኝ፣ ጸጥ በሉልኝ» ብሎ ነግሯቸው ነበር። በለንደን አስር ሰዓት ማለቱ ነው። በጥር እሱ በእኛ ቀን ሰባት ሰዓት ነው። ቤተሰቡ ምሳ አቀረበ፣ ቴሌቪዥን ከፈተ፣ እሱ መኝታ ቤት ገብቶ ስለ ሥነ ምግባር ሲናገር እናቱ በሩን ከፍታ «እንጀራው ሳይደርቅ ና ብላ እንጂ!» አለችው። ልክ አስር ሰዓት ላይ ግን ቤቱ ጸጥ አለ፣ ቃላቸውን ጠብቀዋል።

ጥያቄ

ሜክሲኮ አካባቢ ነው የምኖረው። አካውንቲንግ ሌቨል 4 ጨርሼ ሲኦሲ (የሙያ ብቃት ምዘና) ስወስድ የጽሑፉን አልፌ ተግባሩ ላይ «ገና ብቁ አይደለም» ተባልኩ። በድጋሚ ልመዘን ነው። የድሮ ጥያቄዎች ፎቶ ኮፒ ሰብስቤ ሌት ተቀን እየሠራሁ ነው። ይበቃኛል?

ተመዛኙ

መልስ

አይበቃህም፣ እንዲያውም ፎቶ ኮፒው ራሱ ሊጥልህ ይችላል። ምሳሌ ልስጥህ። ደመወዟ 9,000 ብር የሆነ ሠራተኛ ፔይሮል (የደመወዝ መክፈያ) ሥራ ተባልክ እንበል። በድሮው የግብር ሠንጠረዥ የለመድክ ከሆነ 30 በመቶ አውጥተህ 955 ቀንሰህ 1,745 ብር ትጽፋለህ። ያ ሠንጠረዥ ከሐምሌ 2017 ጀምሮ ተለውጧል። አሁን እስከ 2,000 ብር ግብር የለም፣ 9,000 ደግሞ 25 በመቶው ወጥቶ 850 የሚቀነስበት እርከን ውስጥ ነው የሚወድቀው። ግብሩ 1,400 ይሆናል። የሠራተኛዋ ጡረታ 7 በመቶ፣ 630 ብር። እጇ ላይ የሚደርሳት 6,970 ብር ነው። የአሠሪውን 11 በመቶ፣ 990 ብር፣ ከእሷ ደመወዝ ላይ የሚቀንስ ተመዛኝ ሞልቷል፣ አንተ አትቀንስ። ጥያቄው ወረቀት ላይ ሠንጠረዥ ተሰጥቶ ከሆነ የተሰጠህን ተጠቀም። ካልተሰጠህ መዛኙን ሳትጀምር ጠይቀው፣ መጠየቅ ነጥብ አያስቀንስም።

ከዚያ በተረፈ ድምርህ ብቻ ሳይሆን አካሄድህም ይታይ። ፒችትሪ (የሂሳብ መመዝገቢያ ፕሮግራሙ) ላይ የመዘገብከውን ለምን እዚያ አካውንት ላይ እንዳስገባኸው መናገር ካልቻልክ ቁልፍ መጫን ብቻ ነው የተማርከው ማለት ነው። አንድ ጓደኛህን ጎንህ አስቀምጥና በየመሀሉ «ለምን?» እያለ ያናድድህ። የባንክ ማስታረቁን (የባንኩን መግለጫ ከራስህ መዝገብ ጋር ማመሳከሩን) ደግሞ በወረቀት አሥር ጊዜ ሥራው፣ ብዙ ሰው የሚጨናነቀው እዚያ ነው።

ጥያቄ

ስለ ፓራፕላነር አንድ ቦታ አነበብኩ። እንዲህ ያለ ሥራ እኛ አገር አለ? የምጠይቀው የኢትዮ ቴሌኮምን 33 አክሲዮን ገዝቼ አሁን ደግሞ ሌላ ልጨምር አስቤ የሚያማክረኝ ሰው ስላጣሁ ነው። የማወጣው ለልጄ የመስከረም ትምህርት ቤት ክፍያ ያስቀመጥኩትን ነው፣ እስከዚያ ይወልድልኛል ብዬ።

እናት፣ ከለገሃር

መልስ

በዚህ ስም የወጣ የሥራ ማስታወቂያ እዚህ እስካሁን አላየሁም። ሥራው ግን መምጣቱ አይቀርም። የካፒታል ገበያ አዋጁ ከወጣ ዓመታት ተቆጥረዋል፣ አክሲዮን የሚሸጥበትና የሚገዛበት የሰነደ መዋዕለ ንዋዮች ገበያውም በጥር 2017 በይፋ ሥራ ጀምሯል፣ ወጋገን ባንክ ነበር መጀመሪያ የተመዘገበው። የካፒታል ገበያ ባለሥልጣኑ ለኢንቨስትመንት አማካሪዎች ፈቃድ ይሰጣል። ስለዚህ «አማካሪ ነኝ» የሚልሽን ሰው መጀመሪያ ፈቃዱን ጠይቂው። ከእንግሊዝ ዲፕሎማ ይዣለሁ ቢልሽም ያው ነው። እኔም ዲፕሎማው አለኝ፣ እዚህ ፈቃድ ግን የለኝም፣ ስለዚህ የትኛውን አክሲዮን ግዢ አልልሽም።

አንድ ነገር ግን እንደ ድሮ ሥራዬ አየሁ። አንዱ አክሲዮን 300 ብር ነበር፣ 33ቱ 9,900 ብር መሆኑ ነው። እሱን ገዝተሻል፣ ይቀመጥ። አሁን ልትጨምሪ ያሰብሽው ብር ግን የመስከረም ነው፣ ቀኑ የታወቀ፣ ትምህርት ቤቱም የማይጠብቅሽ። አክሲዮን ደግሞ መቼ እንደሚወጣ፣ መቼ እንደሚወርድ፣ በፈለግሽው ቀን በፈለግሽው ዋጋ የሚገዛሽ መገኘቱን ማንም አይነግርሽም። እነዚህ ሁለቱ አልገጠሙልኝም።